ራሴንም የከለከልኩት ፎልደር

ወገን፣ ዛሬ መርሳ ከተማ ላይ ከእኔ በላይ የተዋረደ ሰው ካለ ኮመንት ላይ ይምጣና እንተዋወቅ!

የገዛ ኮምፒውተሬ፣ በገዛ ቤቴ፣ በሰባት ሴቶች ፊት «አላውቅህም» አለኝ።

ቆይ፣ አትሳቁ። ገና ነው።

ትንሽ ወደ ኋላ ልመልሳችሁ። ጦርነቱ ወደ እኛ ሲጠጋ፣ ጎረቤቱ ሁሉ ፍራሽና ድስት ሲጭን፣ እኔ የት ነበርኩ? ኮምፒውተር ላይ! «የግል» የሚል ፎልደር አለኝ። ፎቶው፣ ድምፁ፣ ቪዲዮው፣ የአስር ዓመት ኑሯችን እዚያ ውስጥ ነው። ማንም እንዳይከፍተው ብዬ ፐርሚሽን የሚለው ውስጥ ገባሁና «ኤቭሪዋን» የሚለውን መርጬ «ዲናይ» ላይ ምልክት አደረግኩ። በአማርኛ፣ ሁሉም ሰው ይከልከል!

ሚስቴ ሙሉ፣ በር ላይ ቆማ፣ «ኧረ ሰውዬ፣ ሱሪ እንኳን ያዝ!» ትላለች።

እኔ «ቆይ፣ ሴኩሪቲ ላይ ነኝ» እላታለሁ።

ስደት የወጣሁት በለበስኩት አንድ ሱሪና ኪሴ ውስጥ በከተትኩት ማውዝ ነው። ማውዙን ለምን እንደያዝኩት እስካሁን አልገባኝም።

ኮምፒውተሩን ጓሮ ካለው የጭድ ክምር ውስጥ ቀብሬው ነበር። ከወራት በኋላ ስንመለስ ቤቱ ባዶ፣ በሩ የተገነጠለ፣ ጭዱ ግን እንዳለ! መብራት የመጣ ዕለት ስሰካው ፋኑ ጭድ እየተፋ ተነሳ። አለቀስኩ፣ እውነቴን ነው። ከዚያ ወዲህ ፊልም ነው የማይበት፤ ያንን ፎልደር ነክቼው አላውቅም።

እስከ ዛሬ ጠዋት።

እትዬ ዘሃራ የግድግዳ ጎረቤታችን ናቸው። ባለቤታቸው አያ ሰይድ፣ አላህ ይርሀማቸውና፣ ስደት ላይ ሳለን ታመው አረፉ። አያ ሰይድን ያላወቀ ሰው ምርቃት አውቃለሁ ባይል ይሻለዋል። ልጅ የሚድረው፣ መንገድ የሚሄደው፣ ሙስሊሙም ክርስቲያኑም እሳቸው ደጅ መዳፉን ዘርግቶ ሳይመረቅ አይነሳም ነበር። ከጦርነቱ በፊት አዲስ ማይክ ገዝቼ ልሞክር ስል ቤቴ የነበሩት እሳቸው ናቸው።

«ምን ልበልበት?» አሉኝ።

«የፈለጉትን ያውሩ፣ አያ ሰይድ።»

«ከማወራ ልመርቅበት» አሉና አስራ አንድ ደቂቃ መረቁ። ከዚያ በፊትም ሆነ በኋላ ድምፃቸውን የቀዳ ሰው የለም።

ነገ የልጃቸው የሉባባ ኒካህ ነው። እትዬ ዘሃራ በጠዋት መጥተው በር ላይ ቆሙ።

«ያ የሰይድ ድምፅ አለ አይደል? ልጂቱ ያባቴን ምርቃት ሳልሰማ ከቤት አልወጣም ብላ ከትናንት ጀምራ ታለቅሳለች።»

«አለ እንጂ እትዬ! ቆልፌ ነው ያስቀመጥኩት» አልኩ ደረቴን ነፍቼ። የሦስት ወር የቤዚክ ኮምፒውተር ሰርተፍኬት እኮ አለኝ! ሳሎን ተሰቅሏል።

ሦስት ሰዓት ላይ ሉባባንና አክስቶቿን ይዘው መጡ። ሚስቴ ምንጣፍ አነጠፈች። ሁሉም መዳፋቸውን ዘርግተው ተቀመጡ። ፎልደሩን ዳብል ክሊክ አደረግኩት።

አክሰስ ዲናይድ።

እንደገና ነካሁት። ፈቃድ የለህም፣ አድሚኒስትሬተሩን አነጋግር ይላል። አድሚኒስትሬተሩ እኮ እኔ ነኝ! ራሴን ምን ብዬ ላነጋግረው?

«ምን አለህ?» አሉ እትዬ ዘሃራ።

«ፈቃድ ያስፈልጋል ነው የሚለው።»

«የማን ፈቃድ?»

«የኔ።»

«ታዲያ ፍቀድለታ!»

ለካ «ኤቭሪዋን» ማለት እኔንም ይጨምራል! ሰርተፍኬቱን ሲሰጡኝ ይህን ማንም አልነገረኝም።

«ለመሆኑ ማን እንዳይከፍተው ብለህ ነው?» አሉ እትዬ ዘሃራ።

«ያው… የሚመጡት ሰዎች።»

«ጥይት እየተኮሰ የሚመጣ ሰው ቁጭ ብሎ ያንተን ፎቶ ሊያይ ኖሯል?»

አክስቶቹ በሳቅ ፈረሱ። ሙሉም ሳቀች፣ ያውም ከሁሉም በላይ። ሉባባ ግን አልሳቀችም። የዘረጋችውን መዳፍ ቀስ ብላ ሰበሰበች።

እዚህ ላይ ብልህ ሰው ምን ያደርጋል? ለሚያውቅ ሰው ይደውላል። እኔስ? «ችግር የለም፣ ዊንዶውሱን እንደ አዲስ እጭነዋለሁ!»

ፎልደሩ ያለው ዊንዶውሱ ከሚጫንበት ክፍል ውጭ፣ ዲ ላይ ስለሆነ አይጠፋም፤ እሱን እንኳን አውቃለሁ። መጫኛ ፍላሼን ሰካሁ። አንድ ሰዓት ተኩል ፈጀ። አክስቶቹ አንድ በአንድ እየተነሱ ለድግሱ ወደሚከትፉት ሽንኩርት ተመለሱ። ሲያልቅ ፎልደሩን ነካሁት።

አክሰስ ዲናይድ!

አሁን ኩራቴን ዋጥኩና ወልድያ ኮምፒውተር የሚጠግነው ጓደኛዬ ታዴ ጋ ደወልኩ።

«ኦውነርሺፑን ውሰዳ፣ ባለቤቱ እኔ ነኝ በለው፤ አምስት ክሊክ ነው» አለኝ። «ዊንዶውስ መጫኑን ምን አመጣው?»

አምስት ክሊክ አልኩና ፎልደሩ ተከፈተ! «አያ ሰይድ ምርቃት» የሚለው ፋይል ቁጭ ብሏል! እትዬ ዘሃራ እልልታቸውን ለቀቁት። አክስቶቹ በሽንኩርት ያበጠ ዓይናቸውን እየጠረጉ ሮጠው መጡ። መዳፍ እንደገና ተዘረጋ። ፕሌይ!

መስመሩ ይሄዳል። ሰከንዱ ይቆጥራል። ድምፅ ግን የለም።

ድምፁን ጨመርኩ፣ ስፒከሩን በጥፊ መታሁ፣ ገመዱን ነቅዬ ሰካሁ። ታች ጥግ ላይ ያለችው የስፒከር ምልክት ቀይ ኤክስ ለብሳ ታየኛለች። ድራይቨር የለም! ኮምፒውተሩ በየትኛው ዕቃ እንዴት እንደሚናገር የሚነግረው እሱ ነው፤ ዊንዶውስ ልጫን ባልኩበት ጀብዱዬ አጥፍቼዋለሁ። ከኢንተርኔት ላውርደው ስል የኔትወርኩም ድራይቨር አብሮ ጠፍቷል።

ሉባባ ቀና አለችና «ወንድም ጋሼ፣ ለምን እንዲህ…» ብላ ጀመረች።

«ቆይ ሉባባ፣ አታስቢ! ወልድያ ደርሼ ድራይቨሩን ይዤ እመጣለሁ!»

መጫኛውን ከፍላሹ ላይ አጠፋሁና ሚኒባስ ላይ ዘለልኩ። ኬላው ላይ ሁላችንም ወርደን ተፈተሽን። ፈታሹ ከኪሴ ፍላሹን አወጣና ወደ ፀሐይ አድርጎ አየው።

«ምን አለበት?»

«ምንም የለበትም።»

«ባዶ ፍላሽ ይዘህ ነው ወልድያ የምትሄደው?»

«ጭኜበት ልመለስ ነው።»

«ቤት ያለውን ድምፅ ገልብጠህበት በሌላ ዕቃ ብትሰማው አይሻልም?» ብሎኝ ቢሆን ኖሮ እግሩ ላይ እወድቅ ነበር። እሱ ግን በአዘኔታ አይቶኝ መለሰልኝ። ነዳጅ ጠፍቶ ስለነበር ስመለስ መኪና ጠብቄ ጠብቄ ሲሪንቃ ድረስ በጭነት መኪና መጣሁ፣ ከዚያ በሌላ። መርሳ የደረስኩት አስር ሰዓት አልፎ ነው። ፍላሹን እንደ ዋንጫ ከፍ አድርጌ የግቢውን በር ገፋሁ።

እና ቆምኩ።

የአያ ሰይድ ድምፅ ነው።

«የሄደውን በሰላም ይመልስልን።»

«አሚን!» ይላሉ ሴቶቹ።

«ቀያችንን አማን ያድርግልን።»

«አሚን!»

«ሉባባዬን ለወግ ለማዕረግ ያብቃልኝ።»

አሚን ያለ ሰው የለም። ሳግ ብቻ ነው የሚሰማው። እኔም በሩ ላይ እንደቆምኩ እንባዬ መጣ። እሳቸው ይህን ሲሉ ጦርነት የሚባል ነገር በደጃችን አልነበረም፣ ስደት ላይ የሚሞቱም አልመሰላቸውም።

ገባሁ። ድምፁ የሚወጣው ከሉባባ ስልክ ነው፤ የቻርጀሯ ገመድ እንደተሰካ ኮምፒውተሩ ላይ ተንጠልጥሏል። ፋይሉን ወደ ስልኳ ገልብጣዋለች። ስንት ጊዜ ፈጀባት? ሙሉ እንደነገረችኝ ከሆነ፣ እኔ የግቢውን በር ዘግቼ ሳልጨርስ ተገልብጧል! ያቺ «ለምን እንዲህ» ያለችው ነገር ይህ ነበር። ከጠዋት ጀምረው ሲደጋግሙት ነው የዋሉት። ይኸኛው ስድስተኛ ዙራቸው ነው።

«ና ተቀመጥ፣ ደክሞሃል» አሉኝ እትዬ ዘሃራ። ፍላሹን ወደ ኪሴ ከተትኩ።

ድምፁ ቀጠለ። ለካ ያኔ ስቀዳቸው መሃል ላይ ስልክ ላወራ ወጣ ስል እሳቸው አላቆሙም ኖሯል። መጨረሻው ላይ እንዲህ አሉ፦

«ይህ የዚህ ቤት ልጅ ደግ ነው። ከዚህ ዕቃ ጋር ሲታገል ይውላል። አላህ ማስተዋሉን ይስጠው!»

ሰባቱም ሴቶች ወደ እኔ ዞሩ።

«አሚን!!!»

ቤቱ ተነቃነቀ። ሉባባ እንባዋ ጉንጯ ላይ እያለ ሳቀች፤ ከሁሉም በላይ የጮኸችው ደግሞ የገዛ ሚስቴ ናት።

እንግዲህ ይህ ምርቃት ከተመረቀልኝ ሁለት ዓመት ሊሞላው ነው። እንደምታዩኝ ገና አልደረሰልኝም። ምናልባት የአሚን ባዩ ቁጥር አንሶ ይሆን? እስቲ እናንተም ጨምሩልኝ!