የዲንከልባኽ የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር

በየትንሹ ከተማ፣ ማንም ሳይሾመው የዓለምን ሸክም ጫንቃው ላይ ያኖረ አንድ ሰው አይጠፋም። ትልቅ ከተማ እንዲህ ያለ ሰው አያበቅልም፤ እዚያ እውነተኛ ሚኒስትሮች ስላሉ ቦታው ተይዟል። በእኛ በጀርመኗ ዲንከልባኽ ግን ቦታው ክፍት ነበርና ክቡር ሔር (አቶ) ኦይገን ሽትሮሄከር ያዙት። ከያዙት ሠላሳ ዓመት አለፈ።

የክቡርነታቸው የፖለቲካ ሕይወት ባጭሩ ይህ ነው፦ ለበርሊኑ ፓርላማ ሦስት ጊዜ ተወዳደሩ፣ ሦስት ጊዜ ወደቁ። በሦስቱም ምርጫ የለጠፉት ፎቶግራፍ አንድ ስለነበር፣ በመጨረሻው ላይ ብዙ ሰው ልጃቸው የተወዳደረ መስሎት ነበር። በርሊን ባትቀበላቸውም የከተማችን ምክር ቤት ተቀበላቸው። መተዳደሪያቸው ግን የመነጽር ሱቅ ነው።

የመነጽር ሱቁን ነገር በቀላሉ እንዳታዩት። ሰው አገጩን የዓይን መመርመሪያው ላይ አስደግፎ፣ አንድ ዓይኑን ተሸፍኖ ወዴት ይሸሻል?

«አሁን ይሻላል ወይስ ቅድም?» ይላሉ መስተዋቱን እየቀያየሩ።

«ቅድም።»

«አዩ! አውሮፓም የምትለው ይኸንኑ ነው። ቅድም ይሻለኝ ነበር እያለች ፊት ለፊቷ ያለውን ማየት ተሳናት!»

ከዚያ ስለ ቱርክ፣ ስለ ጋዝ ቧንቧ፣ ስለ ሜዲትራንያን ባሕር ሰምታችሁ ካልጨረሳችሁ ሁለተኛው ዓይናችሁ አይመረመርም። እኔ አንድ ጊዜ ግራ ዓይኔን ሳላስመረምር ሹልክ ብዬ ወጥቼ፣ ዓመቱን ሙሉ በቀኜ ብቻ ሳነብ ከርሜአለሁ።

ምክር ቤት ውስጥ ደግሞ ይብሳሉ። «የመዋኛው መጸዳጃ ቤት ይታደስ ወይስ አይታደስ?» የሚል አጀንዳ ቀርቦ ክቡርነታቸው እጃቸውን ሲያወጡ፣ ከንቲባዋ ብዕሯን አስቀምጣ ወንበሯ ላይ ደገፍ ትላለች።

«ይህን ጉዳይ» ይላሉ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ «ከቦስፎረስ የባሕር መተላለፊያ ነጥለን ልናየው አንችልም። እስቲ ካርታውን እንይ!»

ካርታው ከኮታቸው የውስጥ ኪስ ይወጣል። መታጠፊያው ሁሉ ተበልቷል፤ ዩጎዝላቪያም እዚያ ላይ እስከ ዛሬ በሰላም ትኖራለች።

«ኦይገን፣ ዩጎዝላቪያ እኮ ፈርሳለች!» ይላል ጎትሂልፍ። ጎትሂልፍ ሥጋ ሻጭ ነው፤ ምክር ቤቱ ውስጥ የተቃራኒው ፓርቲ ሰው፣ ከምክር ቤት ውጪ ደግሞ የልጅነት ጓደኛቸው።

«የችኮላ ሥራ ነው። እኔ አልተስማማሁበትም» ይሉታል።

ሐሙስ ሐሙስ ያው ካርታ «ወርቃማው በሬ» መጠጥ ቤት ውስጥ፣ በጎትሂልፍ ምስርና ቋሊማ ላይ ይዘረጋል። አትላንቲክ መሀል የምትታየው ቡናማ ነገር ደሴት አይደለችም፤ የጎትሂልፍ መረቅ ናት።

ዘንድሮ ግን ፓርቲያቸው ታከተው። ወጣቱ ሊቀመንበር ማርሴል፣ «ሔር ሽትሮሄከር፣ ሕዝቡ የሚፈልገው የብስክሌት መንገድ ነው» ብሎ ስማቸውን በምክር ቤቱ ምርጫ የዕጩዎች ዝርዝር መጨረሻ ላይ አኖረው። መጨረሻ ላይ መቀመጥ በጨዋ ደንብ መሰናበት ነው፤ ከዚያ ተነሥቶ ወንበር ያገኘ ሰው አላስታውስም።

ያኔ ክቡርነታቸው ስለ ዓለም ማውራት ተዉ። በዚያው ሰሞን የሆነ የባሕር መተላለፊያ ተዘግቶ፣ መርከቦቹ ተሰልፈው መቆማቸውን ዜናው አወራ። ሐሙስ ዕለት ሁላችንም ወደ እሳቸው ዞርን። ጎትሂልፍ ሳይነገረው ሳህኑን ገለል አደረገ። ክቡርነታቸው ግን ሳህኑን ወደ ቦታው መልሰው፣ «ይቀዘቅዝብሃል፤ ብላ እንጂ» አሉት።

ስንወጣ ጎትሂልፍ ክንዴን ይዞ፣ «ይሄ ሰውዬ ታሟል» አለኝ። ከልቡ ደንግጦ ነበር።

በማግስቱ ዳቦ ቤት ሰልፍ ላይ ሚስታቸው ሂልዴጋርድ አገኘችኝ።

«ጌርሊንደ፣ ካርታውን ምድር ቤት ከተተው» አለችኝ። «ዜና ሲጀምር ተነሥቶ ይወጣል። ምን ላድርገው?»

«አይዞሽ፣ ኩርፊያው ይለቃቸዋል።»

«ዜሮ ድምፅ ያገኘ እንደሆነስ? በዚች ከተማ መንገድ ላይ ቀና ብሎ አይሄድም። ደግሞ...» አለች ግራ ቀኝ አይታ፣ «እስከ ዛሬ የቻልኩት ከከተማው ጋር ተካፍዬ ነው። ቀኑን ሙሉ ቤት ከዋለ የመካከለኛው ምሥራቅን ነገር ብቻዬን አልችለውም!»

እየሳቀች ነበር፤ ዓይኗ ግን እንባ አቅርሯል።

በእኛ የከተማ ምርጫ አንድ መራጭ ብዙ ድምፅ አለው። ለወደደው ሰው፣ የሌላ ፓርቲ ዕጩ እንኳ ቢሆን፣ እስከ ሦስት ሊሰጥ ይችላል። ወረቀቱም ቀድሞ ቤት ድረስ ስለሚመጣ ሰው ማዕድ ቤቱ ተቀምጦ በርጋታ ይሞላዋል። እኔም ተቀምጬ አሰብኩ። መቼም ለእኚህ ሰው የሚመርጥ አይገኝም፤ ባዶ እጃቸውን ከሚዋረዱ እኔ ሦስቷን ልስጣቸው፣ ማን ያየኛል? ሰጠኋቸው።

ሰኞ ከሰዓት በኋላ ውጤቱ ሲነገር ወርቃማው በሬ ተሰብስበን ነበር። ክቡር ሔር ኦይገን ሽትሮሄከር ከየፓርቲው ዕጩ ሁሉ በልጠው አንደኛ ወጡ።

«ማነው የመረጠው?» አለ ጎትሂልፍ ጠረጴዛውን እየደበደበ። «ከመካከላችን ይህን ጉድ የሠራው ማነው?»

«አንተስ?» አልኩት።

«እኔ? እኔ እኮ ተፎካካሪው ነኝ!» ፊቱ ደም መሰለ። «ሦስት ብቻ ነው የሰጠሁት። ዜሮ እንዳይሆን ብዬ ነው።»

«እኔም ዜሮ እንዳይሆኑ ብዬ ነው» አለች አስተናጋጇ ሮዝቪታ።

ማርሴል ቢራውን አተኩሮ እያየ፣ «እኔም» አለ በቀጭን ድምፅ።

ይህን ጊዜ በሩ ተከፈተና ክቡርነታቸው ክራቫት አስረው ከነሚስታቸው ገቡ።

«ወገኖቼ» አሉ፣ «የሕዝቡ ፍርድ ግልጽ ነው። ዲንከልባኽ በውጭ ፖሊሲዬ...» ብለው ሳይጨርሱ ክራቫታቸውን ማስተካከል ጀመሩ። ሂልዴጋርድ ከጀርባቸው ሆና አንድ በአንድ አየችን። ማንም እውነቱን ለመናገር አልደፈረም።

እኔ ግን በዚያች ቅጽበት፣ ያዘንኩላቸው ብቻ ሳልሆን የምወዳቸው መሆኔ ገባኝ። እኛ በጎረቤት አጥር ቁመት ስንካሰስ ዕድሜያችንን የፈጀን ሰዎች ነን። አይቶት ለማያውቀው ሰው፣ ረግጦት ለማያውቀው አገር እንቅልፍ የሚያጣው ከመካከላችን አንድ እሳቸው ነበሩ።

«ሔር ሽትሮሄከር» አልኳቸው፣ «ለመሆኑ ስለዚያ ስለተዘጋው መተላለፊያ እርስዎ ምን ያስባሉ?»

ሠላሳ ዓመት ሙሉ ሳይጠየቁ ሲመልሱ ኖሩ እንጂ የጠየቃቸው ሰው አልነበረም። መነጽራቸውን አውልቀው ጠረጉት፤ መልሰው ሊያደርጉት ሲሉ እንደገና ጠረጉት።

«ከየት ልጀምር?» አሉ።

«ሮዝቪታ!» ሲል ተጣራ ጎትሂልፍ፣ ወንበር እየሳበላቸው። «ለሁላችንም ቢራ ድገሚን። ዛሬ ቶሎ አንነሣም።»