የ«ውርጭ» አልበም እና ክቡር ዳኛው

የትም ከተማ ሂዱ፣ ማንም ሳይሾመው በዘፈን ላይ ዳኛ የሆነ አንድ ሰው አይጠፋም። ሌላው ሰው ሙዚቃ ሲሰማ ራሱን ይነቀንቃል፤ እሱ ቅንድቡን ይሰቅላል። ዘፈኑ ሳያልቅም ይፈርዳል። የደብረ ማርቆሱ ዳኛ ክቡር አቶ ወልደ ሩፋኤል ይባላሉ። ክቡርነታቸው ለችሎት የሚሰየሙት ከገበያው ጀርባ ባለችው የአንለይ ፀጉር ቤት፣ መስኮቱ ሥር ባለች አግዳሚ ላይ ነው።

ጋሽ ወልደ ሩፋኤል ጡረታ እስኪወጡ ድረስ የአንድ መሥሪያ ቤት ንብረት ክፍል ኃላፊ ነበሩ። እዚያ ዕቃ ሁሉ ሁለት ነው፤ ጠረጴዛና መደርደሪያ ቋሚ ዕቃ፣ ወረቀትና ሳሙና አላቂ ዕቃ። እሳቸው ጡረታ ሲወጡ ምደባው አብሯቸው ወጣ። ዘፈንንም እንደዚያው ነው የሚረከቡት። «ሳይመደብ አይወደድም!» የምትል ቃል አለቻቸው። አንድ ሠርግ ላይ ሰው ሁሉ እስክስታ ሲመታ መሃል ገብተው ኦርጋን ተጫዋቹን «ይህ አሁን ስልቱ ምንድን ነው?» ብለው አስቁመውታል። ሙሽራው እስካሁን ሰላም አይላቸውም።

እንግዲህ በዚህ መሃል ነው አራት የከተማው ልጆች «ውርጭ» የሚባል የሮክ ባንድ አቋቁመው የመጀመሪያ አልበማቸውን ያወጡት። አንለይ በስልኩ አውርዶ በስፒከር ለቀቀው። ጊታሩ ሲጮህ መስተዋቱ ተንቀጠቀጠ።

«ኧረ ዝጋው! ጀነሬተር የተነሳ መሰለኝ እኮ» አለ ባጃጅ ነጂው አወቀ፣ ግማሽ ጺሙ ተላጭቶ ግማሹ እንደቀረ።

«ላንተ ጀነሬተር ነው፤ እኔ አልቅሼበታለሁ» አለች ሂዊ። የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ናት፤ አጭር ፀጉሯን የምትስተካከለው አንለይ ዘንድ ነው። «እንዲህ ያለ ሮክ በአማርኛ ሰምቼ አላውቅም።»

ጋሽ ወልደ ሩፋኤል ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «ሮክ አይደለም።»

«ታዲያ ምንድን ነው ጋሼ?»

«መብራት የገባለት ሽለላ! ጊታሩን ነቅላችሁ ስሙት፤ ውስጡ አንድ የሞጣ ሰው ጠመንጃውን ይዞ ሲፎክር ታገኙታላችሁ።»

«መብራት ሲጠፋስ?» አለ አወቀ።

«አንተ ዝም በል፣ አላቂ ዕቃ!»

ከዚያ ወዲህ ቅዳሜ ሁሉ ክርክር ሆነ። ጋሼ የአወቀን ባጃጅ ተሳፋሪ እንደጫነች መንገድ መሃል አስቁመው፣ ጣራዋን እየደበደቡ የሽለላን ምት አስተምረውታል። ሬዲዮ ጣቢያ ደውለው አቅራቢዋ «የሙዚቃ ምርጫዎ?» ስትላቸው «ምርጫ የለኝም፣ እርማት ነው ያለኝ» አሉ። መስመሩ ወዲያው ተቋረጠ።

«ኔትወርክ ነው» አሉ በማግሥቱ።

«አዎ፣ ኔትወርክ ነው» አላቸው አንለይ።

አንለይ እንዲህ ነው። ምላጭ የያዘ ሰው አይከራከርም ይላል። ለጀነሬተሩም እሺ፣ ለለቅሶውም እሺ፣ ለሽለላውም እሺ። እውነቱ ግን ሌላ ነው፤ አንድ ነገር ቢናገር የሚስቁበት ይመስለዋል። ጋሼንም በልቡ ያማቸዋል፤ ስንቱን ደንበኛ አሰልችተው አስኮብልለውበታል።

ወሬም ያረጃል። አንድ ቅዳሜ አወቀ ሂዊን ጠቀሳትና «ጋሼ፣ ልክ ነዎት። ሽለላ ነው» አለ።

«በቃ፣ ሽለላ ነው» አለች እሷም ከስልኳ ቀና ሳትል።

ጋሼ ሁለቱንም ተራ በተራ አዩዋቸው። «የለም፣ ቢሆንም... የቤዝ ጊታሩ ነገር እኮ ያጠራጥራል» አሉ፣ ራሳቸውን በራሳቸው ሊሞግቱ።

«እሱም ሽለላ ነው ጋሼ።»

ባርኔጣቸውን አነሡ። «እንግዲህ ከተስማማን ጥሩ» ብለው ወጡ። አካሄዳቸው የረታ ሰው አካሄድ አልነበረም።

በሚቀጥለው ቅዳሜ አልመጡም። ከዚያ በኋላም አልመጡም። «ተገላገልን!» አለ አወቀ። አንለይም የተገላገለ መስሎት ነበር። ደንበኛ ይገባል፣ ጆሮው ላይ ኢርፎኑን ሰክቶ ይስተካከላል፣ ይወጣል። ቤቱም ሲገባ የሚያናግረው የለም፤ ለካ ሳምንቱን ሙሉ ጆሮው ላይ የሚቀረው የሰው ድምፅ የሳቸው ኖሯል። ባለቤታቸው ካረፉ ወዲህ ጋሼም ከዚህች አግዳሚ በቀር አፋቸውን የሚከፍቱበት ቦታ እንደሌላቸው ያኔ ትዝ አለው።

በጠራራ ፀሐይ ፀጉር ቤቱን ዘግቶ ቤታቸው ሄደ። ጋሼ ጋቢያቸውን እንደተከናነቡ በሩን ከፈቱ። ከኋላቸው ቤቱ ጭር ብሏል።

«ምን ሆንህ? ሰው ሞተ?»

«የለም። እኔ...» አለ አንለይ። «እኔ አልተስማማሁም ጋሼ። ሮክ ነው።»

«ምኑ?»

አንለይ ይህን አላሰበበትም ነበር። «ከበሮው» አለ።

«ከበሮው?!» ጋቢው ከትከሻቸው ወደቀ። «ግባ! የሰው ፀጉር ስትቆርጥ የራስህን ጆሮ ነው እንዴ የቆረጥኸው? ተቀመጥ!»

ቤት ውስጥ ያለው ወንበር አንድ ነው። እሱን ለአንለይ ሰጥተው ቆመው ፈረዱበት። ድምፃቸው ሰንብቶ እንደተከፈተ ቧንቧ መጀመሪያ ተንጠባጠበ፤ ኋላ ጎረፈ። አንለይ ተሰደበ፣ ተረታ፣ ላቡ እስኪመጣ ተወቃ። «በል ሂድ፣ ጆሮህን ታከም!» ተብሎ ተሸኘ።

ፀጉር ቤቱ ደርሶ ጓጉንቸሩን ሊከፍት ሲል ስለ ከበሮው መልስ መጣለት። ጥሩ መልስ ነበር፤ ጋሼ በቀላሉ አይወጡትም።

«ትከፍታለህ ወይስ ልሂድ?» አለው በር ላይ የቆመ ደንበኛ።

«ቆይ፣ መጣሁ» አለና አንለይ በመጣበት መንገድ እየተጣደፈ ተመለሰ።