የበቾ ቦሬው ክቡር ቀማሽ

ጠላ ባለበት አገር ሁሉ አንድ ቀማሽ አይጠፋም። ማንም አይሾመው፣ ማንም አይሽረው። ከአብዮቱ ወዲህ ደጃዝማቹም ፊታውራሪውም ማዕረጋቸውን ተቀምተው ጓድ ሲባሉ፣ የቀማሽን ማዕረግ የሚነካ አዋጅ ግን እስከ ዛሬ አልወጣም። እሱ ሳይፈርድ ጠላ ያሞገሰ ሰው፣ ቢያንስ ቢያንስ ችኩል ይባላል።

የበቾ ቦሬ ሰፈር ቀማሽ ክቡር ጋሽ ገመቹ ናቸው፤ ከቡና መጋዘን ሚዛን ሠራተኝነት በጡረታ የተገለሉ። ጣሳውን በሁለት እጃቸው ተቀብለው ያሸታሉ፣ ዓይናቸውን ይጨፍናሉ፣ አንድ ጉንጭ ወስደው አፋቸው ውስጥ ካገላበጡ በኋላ ቀና ብለው የቆርቆሮውን ጣራ ያያሉ። ጋኑ በግራዋ ታሽቶ ታጥቦ በሚጤስ ወይራ ላይ ካልተደፋ ጠላው ጠላ አይባልም፤ ጋሽ ገመቹ ደግሞ እንጨቱ ከየትኛው ጋራ እንደተቆረጠ ሳይቀር ይናገራሉ። «ዱጋ፣ እውነት ነው የምላችሁ፣ ጭስ አይዋሽም» ብለው ይዘጋሉ።

በእማማ ዘይቡ ልጅ ሠርግ ላይ የማያሰክረው ጠላ፣ ቀሪቦ፣ ቀርቦላቸው ጋኑ የታጠነው ባልደረቀ እንጨት ነው ቢሉ፣ የሙሽራዋ አባት እንግዶቹን ትቶ ማድ ቤት ገብቶ አጣራ። ልክ ነበሩ። በቀበሌ ስብሰባ ላይ አስተያየት ያለው ሲባል እጃቸውን አወጡ። ስለ ኢምፔሪያሊዝም ምን ይሉ ይሆን ተብሎ ሲጠበቅ፣ ለተሰብሳቢው ውሃ የቀረበበት እንስራ በደንብ አለመታጠኑን አሳስበው ተቀመጡ። ጸሐፊውም በቃለ ጉባኤው ላይ አሰፈረው።

ወይዘሮ ሸዋረገጥ እኚህን ሰው ትፈራቸዋለች። ባሏ ለዘመቻ ሄዶ ከቀረ ወዲህ ሦስት ልጆች የምታሳድገው በጠላዋ ነው። በዚያ ሰሞን ወደ ጅሬን መውጫ አዲስ ጠላ ቤት ተከፍቶ ደንበኛዋ ሳስቷል። የኮሌጁ መምህር ዳባ እንኳ፣ እሑድ አዲሱን ጠላ ሲቀምሱ ጋሽ ገመቹ ፊታቸውን ካጨማደዱ እኛም ወደዚያኛው ነን ብሏታል። እየሳቀ ይበለው እንጂ እውነቱን ነበር።

ይባስ ብሎ ወይራ ጠፋ። ከየቡ መንደር እንጨት የምታመጣላት ወርቂቱ፣ ደን ጠባቂው ወይራ አላስቆርጥ ቢላት፣ ያረጀ የቡና ግንድ ተሸክማ መጣች። ሸዋረገጥ ምን ታድርግ፣ ጋኗን በዚያው አጠነች። ጠላው ደርሶ ስትቀምሰው ጭሱ ጠንከር ያለ፣ ትንሽ መረር ብሎ ምላስ ላይ የሚቆይ ሆነባት። ክፉ አልነበረም፤ ግን ጠላ በቡና እንጨት የታጠነበት ቤት ሰምታ አታውቅም። አፈረችና አመዱን ከእንሰቱ ሥር ቀበረችው።

እሑድ ከቤተ ክርስቲያን በጓሮ በኩል ስትመለስ ግን ያላሰበችውን አየች። ክቡር ቀማሽ ከዘራቸውን በአጥሩ ቀዳዳ አስገብተው፣ አመድ የሚደፋበትን ቦታ ይቆሰቁሳሉ። ባዶ ሲሆንባቸው ግራ ተጋብተው ራሳቸውን አከኩ። ዘጠኝ ዓመት ሙሉ የተንቀጠቀጠችለት ምላስ ለካ ከዘራ ኖሯል!

መጀመሪያ ተናደደች፤ ቀጥሎ ሳቋ መጣ፤ በመጨረሻ ተንኮል መጣላት። ካቻምና የተረፈ፣ ግማሹ የነደደ የወይራ ጉማጅ ነበራት። ፊታቸውን ዞር ሲያደርጉ አጥሩ ሥር ወረወረችው። ሽማግሌው ተመልሰው አዩት፣ ራሳቸውን ነቀነቁ፣ ከዘራቸውን አውጥተው በዋናው በር ዞሩ።

ቤቱ ሞልቷል። ሸዋረገጥ የመጀመሪያውን ጣሳ አቀረበችላቸው። ጋሽ ገመቹ አሸተቱ፣ ቀመሱ፣ ጣራውን አዩ። ከወትሮው ረዘም አድርገው አዩት። ዳባ ጨዋታውን ትቶ አፋቸውን ይጠብቃል።

«ወይራ ነው» አሉ። «ግሩም ወይራ። ጭስ አይዋሽም።»

ቤቱ በአንድ ጊዜ ጣሳውን አነሣ። ሸዋረገጥ ሳቋን በነጠላዋ አፍና ጓዳ ገባች።

ሰዉ ተበትኖ ልትሸኛቸው ስትወጣ፣ ደጁ ላይ ቆም አሉ።

«ሸዋዬ፣ የቡና ጭስ በዕድሜዬ ዛሬ ገና ቀመስኩ። ጥሩ ነው።»

ነጠላዋ ከትከሻዋ ወረደ። «ታዲያ ለምን ወይራ ነው አሉ፣ ጋሼ?»

«የወይራ ጉማጅ ወረወርሽልኝ፣ ወይራ አልኩ። እንጨቱንማ ምላሴ ይነግረኛል። አመዱን የማየው ባለቤቲቱ ምን እንዲባልላት እንደምትፈልግ ለማወቅ ነው። ጭስ አይዋሽም፤ እኔ ግን እዋሻለሁ።»

ሸዋረገጥ ያን ጊዜ ባሏ የቀረበትን ዓመት አስታወሰች። እጇ ሥራ እምቢ ብሏት ጠላዋ ሆምጣጤ ሆኖ ነበር። ጋሽ ገመቹ ግን፣ የዱሮ ሰው አጠማመቅ እንዲህ ነው ብለው ሦስት ጣሳ ጠጡ፤ ሌላውም እሳቸውን አይቶ ጠጣ። እሷም የዋህ ሆና ለዓመታት አምናቸው ነበር። ምራቅ የዋጡ ሽማግሌ፣ ስለ እሷ ሲሉ ሆምጣጤ ውጠዋል።

በሚቀጥለው እሑድ የቡናውን ጉማጅ አመዱ ላይ፣ ለከዘራ በሚመች ቦታ አቁማ ቤተ ክርስቲያን ሄደች። ጋሽ ገመቹ መጡ፣ ቀመሱ፣ ጣራውን አዩ።

«ቡና ነው» አሉ። «የየቡ ቡና።»

ዳባ ቀምሶ፣ እሱም ጣራውን አየና ሁለተኛ ጣሳ አዘዘ።