በሕመምተኛ አፍ የሚመልሱት አያ ቂርቆስ

ፍኖተ ሰላም ውስጥ ሐኪም ዘንድ ብቻውን የሚገባ ሕመምተኛ የለም፤ ከጎኑ ሁልጊዜ ሕመሙን ከባለቤቱ አብልጠው የሚያውቁ አንድ ሽማግሌ አሉ። የእኛ ሰፈር ሽማግሌ አያ ቂርቆስ ናቸው፤ በሙሉ ማዕረጋቸው ስንጠራቸው፣ ሊቀ ጠበብት ዘኵሉ ደዌ።

ለእርሳቸው ደዌ ሁሉ አንድ ነው፦ «ብርድ ነው!» የወይዘሮ ንግሥቴ ጥርስ ሲያብጥ ብርድ ነው አሉ። ባጃጅ አልነሳ ሲል ሾፌሩን ገለል አድርገው፣ ጎንበስ ብለው ሞተሩን ካዳመጡ በኋላ ያንኑ ፈረዱ። እስከ ቡሬ ድረስ ቢጠየቅ «ተሳሳትሁ» ሲሉ የሰማ አይገኝም።

ባለፈው ዓመት ግን ፍርዳቸው የሰው እግር ላይ ወደቀ። ማንኩሳ አጠገብ ሽንኩርታቸውን በመስኖ የሚያለማላቸው የእህታቸው ልጅ ምስክር ወገቡን አመመው፤ ወዲያው እግሮቹ ዛሉ። አያ ቂርቆስ ወጌሻ አስጠርተው አራት ቀን በቅቤ አሳሹት። በአምስተኛው ቀን ሽንቱ ሲቆም በጋሪ ጭነን ሆስፒታል አደረስነው።

«ወንዝ ውስጥ ትገባለህ?» ሲሉ ዶክተር ናጂሃ ምስክርን ጠየቁት።

«ኧረ ምን በወጣው!» አሉ አያ ቂርቆስ። «የጨዋ ልጅ ነው፤ ቤቱ በባልዲ ነው የሚታጠብ።»

ምስክር አጎቱን ቀና ብሎ አየና አቀረቀረ። በእኛ አገር ታናሽ ታላቁን በሰው ፊት ውሸታም አያደርግም፤ እግሩ ቢቀር ይቀራል እንጂ።

«አባቴ፣ እርግጠኛ ነዎት? ከወንዝ ውሃ የሚይዘው የቢልሃርዝያ ትል እንቁላሉ ሕብለ ሰረሰር ውስጥ ገብቶ ያሳብጠዋል። ቶሎ ካልታከመ እግሩ ላይመለስ ይችላል።»

«ልጄ፣ ቢልሃርዝያ የሆድ ነው። ይኼ የወገብ ነው፤ ብርድ ነው!»

ሐኪሟ ካርዱ ላይ «ውሃ ውስጥ አይገባም» ብለው ጻፉ።

በማግስቱ ረፋድ ላይ አያ ቂርቆስ ወረፋውን ሰንጥቀው ገቡ።

«ዶክተር፣ ትናንት ዋሽቻለሁ። ልጁ እስከ ጉልበቱ ውሃ ውስጥ ነው የሚውል፤ የላክሁትም እኔ ነኝ። የጻፉትን ይሰርዙት።»

«አያ፣ ብርዱስ?» አለ ከወረፋው አንዱ።

«ዝም በል! ልጁ ሳይራመድ ቢቀር አንተ ታዝለዋለህ?»

ሰገራው ሲመረመር እንቁላሉ ተገኘ፤ ባሕር ዳር የተነሣው ኤምአርአይም ሕብለ ሰረሰሩ ማበጡን አሳየ። የእብጠት ማብረጃና የቢልሃርዝያ ክኒን ተሰጠው። ከሁለት ወር በኋላ ምስክር በምርኩዝ ገበያ ወጣ።

አያ ቂርቆስ ዛሬም ያለ ዕውቀት ይፈርዳሉ፤ ይህን ይቅር አልላቸውም። ነገር ግን በዚያ በመጀመሪያው ቀን ዲግሪ ያለኝ እኔም አልጋው አጠገብ ቆሜ ነበር። መስኖውን አውቀዋለሁ፤ ልጁን ውሃ ውስጥ እንደቆመ ስንት ጊዜ ሰላም ብዬው አልፌአለሁ። ሽማግሌ እንዳላሳፍር ብዬ ዝም አልሁ። እርሳቸው ጥፋታቸውን በማግስቱ በወረፋው ሁሉ ፊት ተናገሩ፤ እኔ ግን ይኸው ዓመት ቆይቼ ገና ዛሬ መጻፌ ነው።