ደህና ነው የማይሉት ዶን አንሴልሞ

ቡድን ያለው ሰፈር ሁሉ አንድ ሐዘንተኛ አለው። ማንም ሳይሞት ቀድሞ የሚያለቅስ፣ ቡድኑ ሲያሸንፍ «ይኼ ነገር አላማረኝም» የሚል፣ ሲሸነፍ ደግሞ ፊቱ ትንሽ ፈካ የሚልለት ሰው ማለቴ ነው። እናንተም ሰፈር አንድ አይጠፋም። ከጠፋ እናንተው ራሳችሁ ሳትሆኑ አትቀሩም።

እዚህ ሳን ፔድሮ የእኛ ሰፈር ሐዘንተኛ ክቡር ዶን አንሴልሞ ፑንቲዬል ይባላሉ። በስኳር ፋብሪካው የሸንኮራ ሚዛን ላይ ሠላሳ አራት ዓመት ሠርተው ጡረታ ወጥተዋል። የቤዝቦል ጨዋታ በሚካሄድባቸው ወራት፣ ከጥቅምት እስከ ጥር፣ ከሬዲዮው ሥር አይጠፉም። የቡድናችንን ተጫዋቾች ጅማት አንድ በአንድ ያውቁታል። ከመኝታ ቤታቸው በር ጀርባ፣ ከእመቤታችን ሥዕል ጎን፣ የፋርማሲዋ ሴትዮ የሰጠቻቸው የሰው ክርን ሥዕል ተለጥፏል፤ ጅማቶቹ በቀይ የተሰመሩ። ጠዋት ጠዋት ለሁለቱም እንደሚያማትቡ በዓይኔ አይቻለሁ።

ስለእሳቸው ልጽፍ የተነሳሁት ባለፈው ታኅሣሥ ደረቴ ስለተከፈተ ነው። ሐኪሞች ልቤ ውስጥ ያለች አንዲት ቫልቭ ተበላሽታለችና ዋና ከተማ ሄደህ ትቀየርልህ ብለው ቀን ቆረጡልኝ። ቀኑ ከተቆረጠ በኋላ ሁለት ነገር ፈራሁ። አንደኛው ቢላዋው ነው። ሁለተኛው ዶን አንሴልሞ ሊጠይቁኝ መጥተው የሚሉኝ ነገር ነው። ይኼኛው ፍርሃቴ እንዲገባችሁ ሰውየውን ማወቅ አለባችሁ።

ዶን አንሴልሞ ስለሚወዱት ሰው መልካም ቃል አይናገሩም። ዋስካር ሞንቴ የቡድናችን ዋና ወርዋሪ ነው፤ ኳሱን ለመቺው የሚወረውረው እሱ ስለሆነ የከተማው ተስፋ በሙሉ በልጁ ቀኝ ክንድ ላይ ተንጠልጥሏል። «ዋስካር ዛሬ እንዴት ነው?» ብላችሁ ብትጠይቋቸው ባርኔጣቸውን አውልቀው ደረታቸው ላይ ያስቀምጡና «አለቀለት» ይላሉ። «ክርኑ አለቀለት። ከገና አያልፍም።» ዋስካር በዚያው ቀን አምስት ዙር ወርውሮ መቺዎቹን አንድ በአንድ ወደ መቀመጫቸው ይመልሳቸዋል። «ይኸው ደህና ነው እኮ» ስትሏቸው ግን ይገረጣሉ።

«አንተ ሰው፣ ዝም በል። የልጁን ስም ከዚያ ቃል ጋር አታንሳብኝ።»

የሰፈሩ ሰው የነገሩን መነሻ ያውቃል፣ ወይም ያውቃል ብሎ ያምናል። ከስድስት ዓመት በፊት በቼፒታ ሱቅ በር ላይ ተሰብስበን ጨዋታውን በሬዲዮ ስንከታተል፣ ዶን አንሴልሞን ስለአንድ ፈጣን ተጫዋቻችን ጠየቅናቸውና «ይኼ ልጅ ጉልበቱ ብረት ነው» አሉ። ዐሥራ አራት ሰው ሰምቷል። በሦስተኛው ዙር ልጁ ሲሮጥ ተንሸራቶ ጉልበቱ ተበጠሰ። ሬዲዮው ሲያወራ እኛ ሁላችን ዞረን ዶን አንሴልሞን አየናቸው። ቼፒታ፣ ባለሱቋ፣ ሩዝ የምትሰፍርበትን ጣሳ እንደያዘች፣ «ዶን አንሴልሞ፣ ምን አደረጉት?» አለቻቸው። ልጁ ከዚያ ወዲህ አልሮጠም። እሳቸውም ከዚያ ወዲህ ማንንም አላሞገሱም።

የዋስካር እናት ዶኛ ፊዮር ከእኛ አራት ቤት ወረድ ብለው ነው የሚኖሩት። በየጠዋቱ ዳቦ ሊገዙ ሲወጡ በዶን አንሴልሞ ደጅ ቆም ይላሉ።

«ልጄን እንዴት ያዩታል?»

«ትከሻውም ጀምሮታል፣ ዶኛ ፊዮር። ልብዎን አጽኑ።»

«እግዜር ያክብርልኝ» ብለው ደስ ብሏቸው ይሄዳሉ። አንድ ቀን ዶን አንሴልሞ ጥርሳቸውን አሟቸው ጉንጫቸውን ይዘው ተቀምጠው ኖሮ፣ ሳያስቡት «ደህና ነው፣ ደህና ነው» አሏቸው። ሴትዮዋ ዳቦውን ትተው ወደ ቤት ሮጡ። ዋስካር ልምምድ ላይ ሳለ ስልክ ተደወለለት፣ ክንዱ ራጅ ተነሳ፣ የቡድኑ ሐኪም እስከ ዛሬ ማን እንዳዘዘው አያውቅም። ራጁ ላይ ምንም አልተገኘም። ዶን አንሴልሞ ግን በሳምንቱ ጥርሱን አስነቀሉት፤ ጥርስ የታመመ ሰው አፉን አይጠብቅም ብለው።

ምርቃታቸው ለጠላት ነው። ተጋጣሚ ቡድን ሲመጣ ትኬታቸውን በእነሱ ደጋፊዎች በኩል ይቆርጣሉ። ንጹሕ ሸሚዝ ለብሰው መሃላቸው ይቀመጡና ድምፃቸውን ከፍ አድርገው፣ «አቤት ትከሻ! እንዲህ ያለ ጤነኛ ትከሻ አይቼ አላውቅም። ይኼ ልጅ ገና ሃያ ዓመት ይወረውራል» ይላሉ። መጀመሪያ ላይ ሰዎቹ እንግዳ ተቀባይ መስለዋቸው ቢራ ይጋብዟቸው ነበር። ሁለት ወርዋሪና አንድ ኳስ ያዥ ከተሰበረባቸው በኋላ ግን ነቁ። አሁን በሩ ላይ ሲያዩአቸው «ሽማግሌው መጣ» ይባባሉና ማንንም እንዳያሞግሱ የሚበላ ነገር በላይ በላዩ ያጎርሷቸዋል። ባለፈው ዓመት በአንድ ጨዋታ ስድስት የተጠበሰ ሙዝ ሲበሉ ቆጥሬያለሁ።

የአተሩ ነገር ደግሞ አለ። ዋስካር በቀረው የዓመቱ ወራት አሜሪካ ላለ ትልቅ ክለብ ነው የሚወረውረው። ያ ክለብ ልጁን ሲያውሰን በአንድ ጨዋታ ከስልሳ ኳስ በላይ እንዳይወረውር ቃል አስገብቶ ነው። አሰልጣኙ ይቆጥራል፣ ረዳቱ ይቆጥራል፣ ክለቡ የላከው ሰውዬም ወረቀት ይዞ ይቆጥራል። ዶን አንሴልሞ ግን ማንንም ስለማያምኑ ስልሳ ደረቅ አተር በቀኝ ኪሳቸው ይዘው ይመጣሉ። ዋስካር በወረወረ ቁጥር አንድ አተር ወደ ግራ ኪስ ታልፋለች። የቀኙ ኪስ ሲያልቅ ይነሱና ልጁ እንዲወጣ ይጮኻሉ። አንድ ጊዜ የቀኙ ኪስ ተቀዶ ኖሯል። ገና ሠላሳ ኳስ ሳይወረወር አተሩ አለቀ። እኚህ ሰው ተነስተው፣ «ነፍሰ ገዳዮች፣ ልጁን አውጡት» እያሉ ሲጮኹ አራት ሺህ ሰው ሳቀባቸው። እሳቸው ግን አልሳቁም፣ ባዶውን ኪስ ገልብጠው ለሁሉም ያሳዩ ነበር። ከኋላችን የተቀመጠች ሴት መርፌና ክር ከቦርሳዋ አውጥታ ኪሳቸውን እዚያው ሰፋችላቸው።

እኔ ጂኦግራፊ አስተማሪ ነበርኩ። ዝናብ ከባሕር እንጂ ከቅዱሳን እንደማይመጣ ለሃያ ዘጠኝ ዓመት አስተምሬያለሁ። አንድ ሽማግሌ በሱቅ በር ላይ በተናገረው ቃል የሰው ጉልበት እንደማይበጠስም አውቃለሁ። ነገር ግን ደረቱ ሊከፈት ቀን የተቆረጠለት ሰው ጂኦግራፊ አይበቃውም።

ቀኔን የነገርኳቸው በኅዳር፣ ዝናብ ጨዋታውን አቋርጦ ከጣሪያው ሥር ቆመን ሳለ ነው። የልጄ ክርስትና አባት ስለሆኑ «አበልጅ» ነው የሚሉኝ። ሜዳው ላይ ሸራ ሲያለብሱ አብረን አየን።

«ሚላግሮስን ታስታውሳታለህ» አሉኝ በመጨረሻ። ሟች ባለቤታቸው ናቸው።

«እንዴት እረሳቸዋለሁ?»

«ለሐሞት ጠጠር ነው የገባችው። ትንሽ ነገር ነው ተብሎ። በሩ ላይ ደርሰን፣ 'ምን ያስፈራሻል? እሑድ ቤትሽ ነሽ፣ ዶሮ እንሠራለን' አልኳት። ሳቀችብኝ። ዶሮውንም ገዝቼ ነበር።»

ይህ የሆነው ከተጫዋቹ ጉልበት ሁለት ዓመት ቀደም ብሎ ነው። እኛ ስድስት ዓመት ሙሉ የሳቅንበት ፍርሃት በጉልበቱ አልተጀመረም። እሳቸው ከዚያ ወዲህ ዳግመኛ መልካም ቃል የተናገሩት በዚያ ልጅ ላይ ነበር፤ እሱም ወደቀ።

«ሆስፒታል አልመጣም፣ አበልጅ» አሉኝ። «ብመጣ አንድ ነገር ማለት አለብኝ። አትቀየመኝ።»

አልቀየምም አልኳቸው። ውሸቴን ነበር፣ ገና ሳይቀሩ ተቀይሜያቸው ነበር።

ሆስፒታል ከተኛሁ በኋላ ሰው ጎረፈ። ቄሱ መጡ፣ የድሮ ተማሪዎቼ መጡ፣ ቼፒታ ሱቋን ዘግታ መጣች። ሁሉም «ደህና ትሆናለህ» ይሉኛል፤ ሲሉኝ የሚያዩት ግን እኔን ሳይሆን ከራስጌዬ ያለውን የልብ ምት ማሽን ነው። በቀን ሃያ ጊዜ ደህና ትሆናለህ ተብዬ ሃያ ጊዜ ሞቼ ተነሳሁ። ማሽኑም ይመሰክራል፣ እንግዳ በመጣ ቁጥር ጩኸቱ ይፈጥን ነበር።

ሊከፍቱኝ አንድ ቀን ሲቀር ረፋዱ ላይ ከኮሪደሩ የማውቀው ሳል ሰማሁ። ሁለት አውቶቡስ ቀይረው መጥተዋል። ባለቤቴ ኑሪስ ግን በሩ ላይ ቀድማ ቆመችባቸው። ኑሪስ የሳንቲያጎ ከተማ ልጅ ናት። የምትደግፈው ሌላ ቡድን ነው፣ የሰፈሩንም አምልኮ ከተጋባን ጀምሮ አልተቀበለችውም። በሩ ገርበብ ብሎ ስለነበር ሁሉንም ሰማሁ።

«ዶን አንሴልሞ፣ ይኼ ኳስ ሜዳ አይደለም።»

«አውቃለሁ፣ እመቤት ኑሪስ።»

«አውቃለሁ ካሉ እንደ ሰው አንድ መልካም ቃል ተናግረው ይወጣሉ። 'ደህና ትሆናለህ' ይበሉት። ሁለት ቃል ናት።»

«አይሆንልኝም።»

«ያ የሟርት ነገር እዚህ አይሠራም። ባሌ ፈርቷል። ካላሉት አይገቡም።»

ጫማቸው ወለሉ ላይ ሲዞር ሰማሁ። ተመልሰው የሚሄዱ መሰለኝና ደነገጥኩ። ከዚያ፣ «እሺ» ሲሉ ሰማሁ፤ ይኼኛው ደግሞ የባሰ አስደነገጠኝ።

ገብተው ከእግርጌዬ ቆሙ። ኑሪስ እጇን አጣጥፋ ጎናቸው ቆማለች። ባርኔጣቸውን አወለቁ፣ ሜዳ ዳር የሚያሟሙቅ ወርዋሪ እንደሚያዩት ከእግሬ እስከ ራሴ አዩኝ። ግንባራቸው በላብ ረጥቧል።

«አበልጅ» አሉ። «አንተ… ደ…»

እንዳይሉት ልለምናቸው ፈለግኩ። ማሽኑ ተንጫጫ። ነርሷ ከኮሪደሩ ሮጣ ገባች። ዶን አንሴልሞ አፋቸው እንደተከፈተ ቀረ። ኑሪስን አዩ፣ እኔን አዩ።

«ይቅርታ፣ እመቤት ኑሪስ» አሉ። ወደ እኔ ዞሩ። «ቀለምህ አላማረኝም። እግርህም አብጧል። ይኼ ሰው አለቀለት። ጥርን አያያትም፤ እኔ ብሆን ከተጫዋቾቹ ዝርዝር እሰርዘው ነበር።»

ኑሪስ ጮኸች። ነርሷ፣ «ማነው እኚህን ሰውዬ ያስገባቸው?» አለች። እኔ ግን መሳቅ ጀመርኩ። ሳቁ መሃል ላይ ወደ ልቅሶ ተለወጠ፣ ልቅሶውም የደስታ ነበር፤ እንዲህ አድርጎ የሚፈራልኝ ሰው እንዳለ እስከዚያች ደቂቃ አላውቅም ነበርና። ዶን አንሴልሞ በብርድ ልብሱ ላይ እግሬን ያዙ። እየቆየ የማሽኑ ጩኸት ዝግ አለ፣ ነርሷም ማያ ገጹን አይታ፣ ወንበር አመጣችላቸው። እስከ ምሳ ሰዓት ድረስ እግሬን እንደያዙ ተቀመጡ።

ይህን የምጽፈው በየካቲት ነው። ቡድናችን ለዋንጫ ደርሶ በአንድ ነጥብ ተሸንፏል። ዋስካር ክንዱን በሰላም ይዞ ወደ አሜሪካ ሄዷል። እኔ በሐኪም ትእዛዝ በየጠዋቱ ቀስ ብዬ እራመዳለሁ፣ ዶን አንሴልሞም ከጎኔ ሆነው በእኔ ልክ ይራመዳሉ።

ትናንት ከእግር ጉዞ ስንመለስ ኑሪስ በሩ ላይ ሙዝ እየላጠች ጠበቀችን። ወደ እኔ እንኳ አልዞረችም። ቢላዋውን አስቀምጣ እጇን በሽርጧ ጠረገችና፣ ዝቅ ባለ ድምፅ፣ «ዛሬስ እንዴት ነው፣ ዶን አንሴልሞ?» አለቻቸው።

እሳቸው በሐዘን ራሳቸውን ነቀነቁ። «እስከ ፋሲካ እንኳ አልሰጠውም» አሉ።

ኑሪስ በረጅሙ ተነፈሰች። «እግዜር ይስጥልኝ» ብላ ቁርስ ልታቀርብልን ገባች።