የጋሼ ሙላቴ አውራ ጣት

ሰውነት የባለቤቱ አሽከር ነው ብሎ የሚያምን ሰው የሌለበት ሰፈር የለም። በእኛ በደብረ ታቦር ሰፈር ይህን ሥልጣን የያዙት ክቡር ጋሼ ሙላቴ ናቸው። ለሁሉም ሕመም አንድ መድኃኒት አላቸው፦ «ያዝ አድርገው!»

ስቅታ ለያዘው ሙሽራ አዘዋል። ሲቀመጥ እግሩን ለሚያወዛውዘው ለልብስ ሰፊው ኢድሪስ አዘዋል። ምጥ የያዛትን ፈንታነሽን በመስኮት «ያዝ አድርጊው» ብለዋታል ይባላል፤ ለዚህኛው ማስረጃ የለኝም።

ልጄ መክሊት በስምንት ዓመቷ ዓይኗን ማርገብገብ፣ ትከሻዋን መስበቅ ጀመረች። ክፍል ውስጥ ሲያላግጡባት ትምህርት ቤት አልሄድም አለች። ጋሼ በአጥራችን ብቅ ባሉ ቁጥር ትእዛዙ አይቀርም። እሷም ትይዛለች። እሳቸው ዞር ሲሉ ያጠራቀመችው በአንዴ ይወጣል።

«የእኔ ደሳለኝም እንዲህ ነበር» ይላሉ። «በአለንጋ ነው ያስተውኩት።»

ልጃቸው ደሳለኝ በአሥራ ስድስት ዓመቱ ከቤት ጠፍቶ መተማ ገባ። ደውሎላቸው አያውቅም። ይህን ግን አይጨምሩበትም።

ባሕር ዳር እንዲህ ባሉ ልጆች ላይ ጥናት አለ ሲባል መክሊትን ይዤ ሄድኩ። ጋሼም ለምክር ተከተሉን። ሐኪሟ ኤሌኒ አስቀድማ ነገረችን፤ ሕክምና አይደለም፣ ከአንጎል ወደ እጅ የሚወርደውን ትእዛዝ ለመለካት ነው። መክሊት ጭንቅላቷ ላይ የሚደረገውን ክብ መሣሪያ ስታይ ፈራች።

«ይኼን ነው የምትፈሪ? እኔ ልቅደም!» ጋሼ ባርኔጣቸውን አውልቀው ተቀመጡ። ሐኪሟ ጥቂት ጠይቃቸው ፈቀደች።

መሣሪያው ጭንቅላታቸው ላይ ጧ አለ። የጋሼ አውራ ጣት ዘለለ።

«እኔ አይደለሁም!» አሉ።

ጧ። ዘለለ። በሌላ እጃቸው ጨብጠው ያዙት። ጧ።

«ጋሼ፣ ያዝ አድርጉት እንጂ!» አለች መክሊት።

ሁላችንም ሳቅን። ጋሼ አልሳቁም።

«ዶክተር፣ ልጅ ራሱ ልያዝ ቢል... አይችልም?»

«ለትንሽ ጊዜ ይችላል፣ አባቴ። ግን በጣም ያደክመዋል።»

«ሲመቱትስ?»

«ይብስበታል።»

እስከ ደብረ ታቦር አውራ ጣታቸውን ጨብጠው ሄዱ።

መክሊት ዛሬም ትከሻዋን ትሰብቃለች። ትምህርት ቤት ግን ተመልሳለች፤ በየጠዋቱ የሚያደርሷት ጋሼ ናቸው። የሚያላግጥ ልጅ ሲያዩ «አፍህን ያዝ አድርግ!» ይሉታል።

እሷ ከገባች በኋላ በሩ ላይ ቆመው መተማ ይደውላሉ። የደሳለኝን ቁጥር ከአንድ ነጋዴ አግኝተዋል። ይጠራል፤ አይነሳም። ትናንት አጠገባቸው ነበርኩ። ስልኩን ኪሳቸው ሲከቱ ዓይናቸው እንባ አቀረረ።

በእሳቸው ደንብ ለዚህ ምን እንደሚባል አውቃለሁ። አላልኩም።