አማቴና የአቼቶው ጠርሙስ

እኔ የምለው፣ አትክልት ኩርሽም ሲል ደስ የማይለው ሰው አለ? እኔንስ አብዷል በሉኝ! ካሮት ጥርሴ ስር ሲሰበር ጭንቀቴን ሁሉ እረሳለሁ።

እንዲህ ያደረገኝ ፒክልስ የሚሉት ነገር ነው። አሠራሩን ልንገራችሁ፣ ካልነገርኳችሁ አያስችለኝም። ካሮት፣ አበባ ጎመን፣ ኪያር፣ ቃሪያ ትቆራርጣላችሁ። ጠርሙስ ውስጥ ጠቅጠቅ። አቼቶና ውሃ እኩል አድርጋችሁ፣ ጨውና ትንሽ ስኳር ጨምራችሁ ታፈላላችሁ። ነጭ ሽንኩርትና ቁንዶ በርበሬ ጣል ታደርጉና ላዩ ላይ ማፍሰስ ነው። ሲቀዘቅዝ ፍሪጅ። በማግስቱ ኩርሽም! የቸኮለ አፍሶ ለቀመ የሚሉት ይሄን ያልቀመሱ ናቸው።

ታዲያ ይህን ጥበብ በተማርኩ ሰሞን የሊዲያ እናት ሊያዩኝ መጡ። ሊዲያ የዛሬዋ ባለቤቴ ናት፤ ያኔ ገና ቀለበትም አላሰርንም ነበር። እናቷ እትዬ ብርቅነሽ ከአዲስ አበባ ሳን ሆዜ ከገቡ ዓመት አልሞላቸውም። ስለ እኔ የሚያውቁት አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ኦክላንድ ውስጥ ብቻውን የሚኖር ወንደላጤ። "ድስት የማይጣድበት ቤት ወስዶ ልጄን በፒዛ ሊያኖራት ነው" ብለዋል አሉ። ሊዲያም ቁርጡን ነግራኛለች፦ "ማሚ ኖ ካለች፣ ኖ ነው።"

ጊዜው ጾም ነው። ሥጋ የለ፣ እንቁላል የለ። እኔ ግን ፒክልስ አለኝ! ፍሪጄን በጠርሙስ ሞላሁት። አንዴ ኩርሽም ካደረጉ አለቀ፣ ልጅቷ የእኔ ናት አልኩ።

በቀጠሮው ቀን እትዬ ብርቅነሽን የቤተ ክርስቲያን ወዳጃቸው አድርሰዋቸው ሄዱ። ገና አረፍ ከማለታቸው ሊዲያ ደወለች። ከፓሎ አልቶ፣ ከሥራዋ ስትመጣ ፍሪሞንት ላይ መኪናዋ ቆማባታለች። "ፕሊስ መጥተህ ፒክ አድርገኝ" አለች። ምን ይደረጋል? እትዬን ይቅርታ ጠይቄ፣ ቲቪ ከፍቼላቸው ወጣሁ። ትራፊኩን እንዳታነሱብኝ!

ስንመለስ ደረጃው ላይ የእርድ ሽታ ተቀበለን። ገባሁ። ጠርሙሶቼ በሙሉ ታጥበው ተደፍተዋል። ምድጃው ላይ አልጫ ይንተከተካል። የምን አልጫ? የፒክልሴ! እንባዬ መጣ፣ የምሬን ነው።

ለካ እትዬ ብርቅነሽ ሰውን የሚያውቁት በፍሪጁ ነው። ከፍተው አዩ። አዲስ አበባ አትክልት በአቼቶ ተዘፍዝፎ አይደል የሚታጠበው? እሳቸውም እጥበት መስሏቸዋል። "ወንድ ልጅ አትክልቱን እየለየ፣ በየጠርሙሱ፣ በአቼቶ ዘፍዝፎ! ለጀርሙ ብሎ ነጭ ሽንኩርት ሳይቀር ጨምሮበት!" አሉ። "ሥራ በዝቶብህ ሳታለቀልቀው ቀርተህ ነው። እኔ አለቅልቄ ጣድኩልህ፣ ልጄ።" ከዚያ ወደ ሊዲያ ዞሩ። "አንቺ ሰላጣ እንኳ በቅጡ አታጥቢም!"

ሊዲያ "ማሚ፣ ዛት ኢዝ..." ስትል እግሯን ረገጥኳት። ዝም አይነቅዝም።

ማዕድ ቀረበ። አቼቶ የጠጣ ካሮት ደግሞ እሳት አይፈራም፤ ቢቀቅሉት ቢቀቅሉት አልለሰለሰም። እትዬ ጎረሱ። ኩርሽም! "የዚህ አገር ካሮት አይበስልም እንዴ?" አሉና ደገሙ። ኩርሽም! "ጎምዘዝ ማለቱስ?" አለች ሊዲያ። "ንጽሕናው ነው" አሏት። ደስታዬን የት ላድርገው? ሳህኑ ሲጠረግ መረቁን።

ትዳር የሚቆመው በእውነት ላይ ነው ይሏችኋል። አትስሟቸው፣ የእኔ በአቼቶ ላይ ቆሟል። ዛሬ እትዬ ብርቅነሽ ከሳን ሆዜ ካሮቱንም አበባ ጎመኑንም በፌስታል ይልኩልኛል፣ እንደ አንተ የሚያጥብ የለም እያሉ። እኔም ጠርሙስ ውስጥ ጠቅጠቅ፣ በማግስቱ ኩርሽም! ስመልስላቸው ታዲያ "ምነው አነሰ?" ይሉኛል።

"ቆሻሻው ወጥቶ ነው፣ እትዬ" እላቸዋለሁ።